ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በአዋቂዎች ዘንድ ያለው ስርጭት፦ ቁጥሩ እንዴት ይገኛል? ምንስ ያመለክታል?

መግቢያ

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ለብዙ ዓመታት ሥቃይ ሳያስከትልና ጐልቶ የሚታይ ምልክት ሳያሳይ ውስጥ ውስጡን የሚያድግ ሕመም ነው። ሕመምተኛው የዕለት ሥራውን እያከናወነ፣ ጤነኛ ነኝ ብሎ እያመነ፣ ኩላሊቶቹ ከመደበኛ አቅማቸው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሊያጡ ይችላሉ። የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ማቅለሽለሽ፣ የፊትና የእግር እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠርና የሰውነት ማሳከክ የመሳሰሉት ምልክቶች የሚታዩት አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ወደ መጨረሻው ደረጃ ሲቃረብ ነው።

በዚህም ምክንያት ወደ ሕክምና ተቋም የመጡትን ሕሙማን በመቁጠር ብቻ የሕመሙን ስፋት ማወቅ አይቻልም። ያልታመመ የሚመስለውን ሰው ጭምር መመርመር ያስፈልጋል። በ2020 የታተመ የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት በ2017 በዓለም ላይ ወደ 700 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ ማለትም ከሕዝቡ 9 ከመቶ ያህሉ፣ ይህ ሕመም እንደነበረባቸውና በዚያው ዓመት 1.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ ሕመም እንደሞቱ ገምቷል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ቁጥር ከየት እንደተገኘ፣ ምን እንደሚያካትትና ምን እንደሚተው ካልታወቀ ለጤና አገልግሎት ዕቅድ መሠረት ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕመሙ ስርጭት በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚለካ፣ በልዩ ልዩ አገሮች የተገኙት ውጤቶች እንዴት መነበብ እንዳለባቸውና ይህም ለኢትዮጵያ ያለውን ትርጉም ማብራራት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕመሙ ትርጉምና ደረጃዎች

እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች አሉት። ሁለቱ ኩላሊቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ከዚህ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ተመልሶ ወደ ደም ሲገባ፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር የሚሆነው ብቻ ነው። ኩላሊቶች በአንድ ደቂቃ የሚያጣሩት የፈሳሽ ልክ «የማጣራት መጠን» ይባላል። ይህም በጤናማ ወጣት ላይ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ የሰዎች የሰውነት ግዝፈት ስለሚለያይ ለ1.73 ካሬ ሜትር የሰውነት ገጽታ ተስተካክሎ ይገለጻል።

ሐኪሞች ስለዚህ ሕመም በአንድ ቋንቋ መነጋገር የቻሉት ከብዙ ዘመን ወዲህ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን በ2002 ያወጣው መመሪያ ሕመሙን በሁለት መንገድ እንዲታወቅ አድርጓል። የመጀመሪያው የማጣራት መጠኑ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች መሆኑ ነው። ሁለተኛው የማጣራት መጠኑ ምንም ያህል ቢሆን የኩላሊት ጉዳት ምልክት መገኘቱ ሲሆን፣ ከምልክቶቹም ዋነኛው አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን በሽንት ውስጥ ከመጠን በላይ መታየቱ ነው። ከሁለቱ አንዱ መገኘቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁኔታው ቢያንስ ለሦስት ወራት የቆየ መሆን አለበት።

በዚሁ መሠረት ሕመሙ በአምስት ደረጃዎች ይከፈላል። በአንደኛውና በሁለተኛው ደረጃ የማጣራት መጠኑ 60 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የጉዳት ምልክት ይገኛል። በሦስተኛው ደረጃ ከ30 እስከ 59፣ በአራተኛው ከ15 እስከ 29፣ በአምስተኛው ደግሞ ከ15 በታች ይሆናል። በ2012 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ሦስተኛውን ደረጃ 45 ላይ ለሁለት ከመክፈሉም በላይ፣ በሽንት ውስጥ የሚገኘው የአልቡሚን መጠን ከማጣራት መጠኑ ጋር ጎን ለጎን እንዲመዘገብ አድርጓል። ምክንያቱም የማጣራት መጠናቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች መካከል አልቡሚኑ የበዛበት ሰው ኩላሊቱ ፈጥኖ የመዳከሙ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመያዙም ዕድል ከሌላው ስለሚበልጥ ነው።

ስርጭቱ እንዴት ይለካል?

የማጣራት መጠንን በቀጥታ መለካት ልዩ ንጥረ ነገር በደም ሥር ሰጥቶ ለሰዓታት መከታተልን ስለሚጠይቅ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ለሚያካትት ጥናት አመቺ አይደለም። በመሆኑም አብዛኛዎቹ ጥናቶች በደም ውስጥ የሚገኘውን ክሪያቲኒን ለክተው የማጣራት መጠኑን በቀመር ያሰላሉ። ክሪያቲኒን ከጡንቻ የሚመነጭ ተረፈ ምርት ሲሆን፣ የኩላሊት አቅም ሲቀንስ በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

የክሪያቲኒን ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ለምሳሌ የክሪያቲኒን መጠናቸው እኩል 1.4 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር የሆነ ሁለት ሰዎች ቢኖሩና አንደኛው የ25 ዓመት ወንድ፣ ሌላዋ የ70 ዓመት ሴት ቢሆኑ፣ በ2021 በወጣው ቀመር ሲሰላ የወጣቱ የማጣራት መጠን 72 ገደማ፣ የአዛውንቷ ግን 40 ገደማ ይሆናል። ወጣቱ በዚህ መለኪያ ብቻ ሕመምተኛ አይባልም። አዛውንቷ ግን፣ ውጤቱ ለሦስት ወራት ከጸና፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይገኛሉ። ስለሆነም የላቦራቶሪው ወረቀት ክሪያቲኒኑን ብቻ ጽፎ የማጣራት መጠኑን ካላሰላ፣ ሕመሙ በሐኪሙ ፊት ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

የቀመሮቹም ጉዳይ ለብቻው ትኩረት የሚሻ ነው። በ1999 እና በ2009 የወጡት ሁለቱ የታወቁ ቀመሮች የተመረመረው ሰው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.21 ወይም በ1.16 እንዲባዛ ያዝዙ ነበር። ይህ ማባዣ የተገኘው በአሜሪካ በሚኖሩ ጥቁሮች ላይ ከተደረገ ጥናት ሲሆን፣ በአፍሪካ የተካሄዱ ብዙ ጥናቶችም እንዳለ ተጠቅመውበታል። ማባዣው የማጣራት መጠኑን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ከ60 በታች ሊሆን የሚገባውን ሰው ከ60 በላይ ሊያደርገውና ከሕሙማን ቁጥር ሊያወጣው ይችላል። በ2021 የወጣው ቀመር ይህን ማባዣ አስቀርቷል።

ማባዣው ቢቀርም ከጡንቻ ጋር የተያያዘው ችግር እንዳለ ነው። በምግብ እጥረት ወይም በረጅም ሕመም የከሳ ሰው የሚያመነጨው ክሪያቲኒን አነስተኛ ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ተጎድቶም ቢሆን ምርመራው መልካም ውጤት ሊያሳይ ይችላል። በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተካሂዶ በ2022 የታተመ ጥናት የማጣራት መጠንን በቀጥታ ለክቶ ከክሪያቲኒን ስሌት ጋር ሲያነጻጽር፣ ስሌቱ የኩላሊትን አቅም አሳንሶ ሳይሆን አግዝፎ እንደሚያሳይና የሕመሙ ስርጭት ከሚታሰበው በላይ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል።

በሌላ በኩል ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ የሚያደርጉ ምክንያቶችም አሉ። ትኩሳት፣ ከባድ የአካል እንቅስቃሴ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የወር አበባ አልቡሚን በሽንት ውስጥ ለጊዜው እንዲታይ ሊያደርጉ ይችላሉ። ተቅማጥና የፈሳሽ እጥረትም ክሪያቲኒንን ለጊዜው ከፍ ያደርጋሉ። አብዛኛዎቹ የማኅበረሰብ ጥናቶች ግን እያንዳንዱን ሰው የሚመረምሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለአብነት ያህል ከ1000 አዋቂዎች 130ዎቹ በመጀመሪያው ምርመራ ተገኝተው ከሦስት ወር በኋላ ሲደገም ውጤቱ የጸናው በ90ዎቹ ላይ ብቻ ቢሆን፣ ትክክለኛው ስርጭት 13 ከመቶ ሳይሆን 9 ከመቶ ነው። ስለዚህ አንድን ጥናት የሚያነብ ባለሙያ አስቀድሞ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች፦ የተመረመሩት እነማን ናቸው? የትኛው ቀመር ጥቅም ላይ ዋለ? ሽንት ተመርምሯል? ምርመራውስ ተደግሟል? የሚሉት ናቸው።

የሦስት አገሮች ልምድ

በዩናይትድ ስቴትስ ከመላው ሕዝብ በናሙና በተመረጡ አዋቂዎች ላይ በየጊዜው የሚካሄደው ብሔራዊ የጤናና የሥነ ምግብ ጥናት ለዚህ ሕመም ጠቃሚ የመረጃ ምንጭ ሆኗል። በ2007 የታተመ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከ1988 እስከ 1994 በነበረው ጊዜ 10.0 ከመቶ የነበረው ስርጭት ከ1999 እስከ 2004 ወደ 13.1 ከመቶ ከፍ ብሏል። ለጭማሪው በከፊል ምክንያት የሆኑት የስኳር በሽታና የደም ግፊት መበራከት እንዲሁም የሕዝቡ ዕድሜ መግፋት ናቸው። የአገሪቱ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2023 ባወጣው ግምት ደግሞ ከሰባት አዋቂዎች ከአንድ በላይ፣ በጠቅላላው 35.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ሕመሙ አለባቸው።

በቻይና ከ2009 እስከ 2010 በተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት 47,204 አዋቂዎች ተመርምረው ስርጭቱ 10.8 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ወደ 120 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ማለት ነው። ውጤቱ ከአሜሪካው ጋር የሚቀራረብ ቢመስልም ውስጡ ሲታይ የተለየ ነው። በቻይና የማጣራት መጠናቸው ከ60 በታች የነበሩት 1.7 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በሽንታቸው አልቡሚን የተገኘባቸው ግን 9.4 ከመቶ ናቸው። በአሜሪካ በ1999 እና በ2004 መካከል ሦስተኛው ደረጃ ላይ የነበሩት ብቻቸውን 7.7 ከመቶ ያህል ነበሩ። እንግዲህ ሁለት አገሮች ተቀራራቢ ቁጥር ይዘው፣ በአንደኛው ሕሙማኑ በብዛት የመጀመሪያው የጉዳት ምልክት የታየባቸው፣ በሌላው ደግሞ ከግማሽ የሚበልጡት የማጣራት አቅማቸው የቀነሰ ሊሆኑ ይችላሉ። የቻይናው ጥናት ሽንትን ባይመረምር ኖሮ አብዛኛው ሕመምተኛ ከቁጥሩ ውጭ በቀረ ነበር።

በታይዋን 462,293 አዋቂዎችን ለ13 ዓመታት የተከታተለና በ2008 የታተመ ጥናት የስርጭቱን መጠን 11.9 ከመቶ ሲያደርሰው፣ ሕመም እንዳለባቸው የሚያውቁት ከ4 ከመቶ ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ እጅግ ሰፊ ቢሆንም የተሳተፉት በጤና ምርመራ መርሐ ግብር የታቀፉ ሰዎች እንጂ ከሕዝቡ በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም። የናሙና ብዛት ብቻውን የሕዝብ ውክልናን አያስገኝም።

በሦስቱም አገሮች አንድ የጋራ ግኝት አለ። በቻይና ሕመማቸውን የሚያውቁት 12.5 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በአሜሪካም ከአሥር ሕሙማን ዘጠኙ ያህሉ እንደማያውቁ ይገመታል። በአንጻራዊነት የተሻለ የላቦራቶሪ አገልግሎት ባለባቸው አገሮች ጭምር ሕመሙ ከባለቤቱ ተሰውሮ ይኖራል ማለት ነው።

ዕድሜና የ60 ወሰን

ስርጭቱ በዕድሜ በእጅጉ ይለያያል። በአሜሪካ ከ18 እስከ 44 ዓመት ካሉት 6 ከመቶ፣ ከ45 እስከ 64 ካሉት 12 ከመቶ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት ደግሞ 34 ከመቶ ያህሉ ሕመሙ እንዳለባቸው ተገምቷል። ጤናማ ሰውም ቢሆን ከጎልማሳነት በኋላ የማጣራት መጠኑ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚቀንስ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች የ60 ወሰን አልቡሚን የሌለባቸውን አዛውንት ያለአግባብ ሕሙማን ያሰኛል ሲሉ ይከራከራሉ። ሌሎች ደግሞ በዚህ ዕድሜም ቢሆን የማጣራት መጠን መቀነስ ከሞት አደጋ ጋር መያያዙን ያስረዳሉ። ክርክሩ እስኪቋጭ ድረስ ወጣት የሚበዛበትን አገር ቁጥር አዛውንት ከሚበዛበት አገር ጋር ያለ ዕድሜ ማስተካከያ ማወዳደር ስሕተት ላይ ይጥላል።

ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካና ኢትዮጵያ

ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉ አገሮች የተካሄዱ 90 ጥናቶችን የገመገመና በ2014 የታተመ ጽሑፍ ጥራታቸው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ሆኖ ያገኛቸው 21ዱን ብቻ ነው። በእነዚህ ጥናቶች የስርጭቱ መጠን በኮትዲቯር ከተገኘው 2 ከመቶ በዚምባብዌ እስከ ተገኘው 30 ከመቶ ይደርሳል። በአንድነት ሲሰሉም 13.9 ከመቶ ሆነዋል። ከ2 እስከ 30 ያለው ርቀት በሕዝቦቹ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ የተዘረዘሩትን የናሙናና የመለኪያ ልዩነቶችም የሚያንጸባርቅ ነው።

በኢትዮጵያ የተካሄዱት ጥናቶች አብዛኛዎቹ በሆስፒታል የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የኤች አይ ቪ ክትትል በሚያደርጉ ሕሙማን ላይ ያተኮሩ ናቸው። እነዚህ ጥናቶች ለክትትሉ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ቢሆኑም፣ ቀድሞውኑ ለኩላሊት ጉዳት በተጋለጡ ሰዎች ላይ የተገኘውን መቶኛ ወስዶ «የአገሪቱ አዋቂ ሕዝብ ስርጭት ይህ ነው» ማለት አይቻልም። በተቃራኒው በሆስፒታል የሚታዩት የመጨረሻው ደረጃ ሕሙማን ጥቂት ስለሆኑ ብቻ ሕመሙ ጥቂት ነው ማለትም አይገባም። ከሩቅ ገጠር ሳይደርሱ የሚሞቱት በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍሩም።

የሌሎችን አገሮች ቁጥር መዋስም መፍትሔ አይሆንም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በ2010 ይፋ የተደረገው የአፖኤል1 ዘረ መል ግኝት ነው። የዚህ ዘረ መል ሁለት ዓይነት ለውጦች በምዕራብ አፍሪካ ተወላጆችና ከእነርሱ በሚወለዱ አሜሪካውያን ዘንድ በብዛት ይገኛሉ። ለውጦቹ ከእንቅልፍ በሽታ የሚከላከሉ ሲሆን፣ ከሁለቱም ወላጆች ሲወረሱ ግን ለኩላሊት ሕመም ያጋልጣሉ። በእስራኤል በሚኖሩ ኤች አይ ቪ በደማቸው በሚገኝ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት እነዚህ ለውጦች በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዳልተገኙና በኤች አይ ቪ ምክንያት የሚመጣው ልዩ የኩላሊት ሕመምም በተሳታፊዎቹ ላይ እንዳልታየ አሳይቷል። «ጥቁር ሕዝብ» የሚለው አንድ ስያሜ እንዲህ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል። ሆኖም ይህ ግኝት ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ኩላሊትን የሚጎዱት ዋነኞቹ ምክንያቶች ሌሎች ናቸውና።

ከእነዚህ ምክንያቶች መካከል ቀዳሚዎቹ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው። በ2015 በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ 9,800 ያህል ሰዎች ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት 16 ከመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ሕክምና ላይ አልነበሩም። ለዓመታት ሳይታከም የሚኖር የደም ግፊት ኩላሊትን እንደሚጎዳ፣ የተጎዳ ኩላሊትም በተራው ግፊቱን ይበልጥ ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ የኩላሊት ማጣሪያ ብግነት፣ የጠጠርና የፕሮስቴት ዕጢ እብጠት የሚያስከትሉት የሽንት መተላለፊያ መዘጋት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የሚወሰዱ የሕመም ማስታገሻዎች፣ ምንነታቸው ያልታወቀ ባሕላዊ መድኃኒቶችም ድርሻ አላቸው።

ቁጥሩ ለሕክምና ያለው ትርጉም

የስርጭት ጥናት ለቁጥሩ ሲባል ብቻ የሚካሄድ አይደለም። የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰ ሕመምተኛ በሕይወት ለመቆየት ዲያሊሲስ ወይም የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል። በመሣሪያ የሚደረገው የደም እጥበት በመደበኛነት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ለአራት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይህም እስከ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ በመሆኑ ለአብዛኛው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በመስከረም 2015 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በአገር ውስጥ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማካሄዱ ታላቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ንቅለ ተከላ የሚለግስ ሰውንና የዕድሜ ልክ መድኃኒትን የሚጠይቅ ስለሆነ ብቻውን ለችግሩ መልስ ሊሆን አይችልም።

በአንጻሩ ሕመሙ ቀደም ብሎ ከታወቀ ማዘግየት እንደሚቻል በቂ ማስረጃ አለ። በ1993 የታተመው የካፕቶፕሪል ጥናት፣ ኢንሱሊን በሚወስዱና ኩላሊታቸው በተጎዳ የስኳር ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ የሞትን፣ የዲያሊሲስንና የንቅለ ተከላን አደጋ በጥምር ሲታይ በግማሽ መቀነሱን አሳይቷል። በ2001 ሎሳርታን በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ ጠቀሜታ እንዳለው ተረጋገጠ። በ2020 ደግሞ ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው መድኃኒት የስኳር በሽታ ለሌለባቸው የኩላሊት ሕሙማን ጭምር እንደሚረዳ ታወቀ። የዚህ መድኃኒት ወገን የሆኑት በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ሁሉ የሚጠቅሙት ግን ሕመሙ ላልታወቀለት ሰው ሳይሆን ለታወቀለት ሰው ነው።

ለመለየት የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ቀላል ናቸው፤ የደም ግፊት መለኪያ፣ የክሪያቲኒን ምርመራና የሽንት ምርመራ። በሽንት ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት አነስተኛ የአልቡሚን መጠንን ሊስት ስለሚችል፣ አቅም ባለበት ቦታ የአልቡሚንና የክሪያቲኒን ንጽጽር ቢደረግ ይመረጣል። የሁሉንም ሰው ኩላሊት መመርመር ባይቻልም፣ የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ በቤተሰባቸው የኩላሊት ሕመም የታየባቸውና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ቢመረመሩ ሕመሙ ሊኖርባቸው ከሚችሉት አብዛኛዎቹን ማግኘት ይቻላል።

ማጠቃለያ

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም በልዩ ልዩ አገሮች ከአሥር አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ላይ እንደሚገኝ የተካሄዱት ታላላቅ ጥናቶች ያመለክታሉ። ሆኖም ይህ ቁጥር በተመረጠው ናሙና፣ በቀመሩ፣ በሽንት ምርመራውና በምርመራው መደገም አለመደገም የሚወሰን ነው። የሌላ አገር ቁጥር ለኢትዮጵያ ሊያገለግል አይችልም፤ የሆስፒታል ሕሙማን ቁጥርም የሕዝቡን አይተካም። ስለሆነም ከከተማና ከገጠር በዕጣ በተመረጡ አዋቂዎች ላይ፣ ደምንና ሽንትን በአንድነት የሚመረምርና ከሦስት ወር በኋላ የሚደገም ጥናት ማካሄድ፣ አልፎ አልፎ ለሚካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች አገር አቀፍ ጥናትም የኩላሊት ምርመራን መጨመር ተገቢ ይሆናል።

የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 2025 ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ ማጽደቁ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ትኩረት ማግኘቱን ያመለክታል። የጥናቱ ውጤት እስኪገኝ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። በየጤና ጣቢያው ለደም ግፊት ወይም ለስኳር ክትትል የሚመጣ ሰው ሁሉ ሽንቱ ቢመረመር፣ የክሪያቲኒን ውጤት በሚጻፍበት የላቦራቶሪ ወረቀት ላይም የማጣራት መጠኑ አብሮ ቢሰፍር፣ ሳያውቁት ከሕመሙ ጋር ከሚኖሩት መካከል ብዙዎቹ የኩላሊት እጥበት ብቸኛ አማራጭ ከመሆኑ በፊት ሊደረስላቸው ይችላል።